ከፊሽካው በፊትና ከፊሽካው በኋላ

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ሊጨርስ ወደ ኦሊምፒክ ስታዲየሙ ሲገባ ከኋላው የሚታይ ሯጭ አልነበረም። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። መስመሩን ያለፈው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ማራቶንን በዚህ ፍጥነት የጨረሰ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ተመልካቹ አሁን ይወድቃል፣ አሁን ይዘረራል ብሎ ሲጠብቅ አበበ ከመሮጫው ወጥቶ ወደ ሣሩ ሄደ። ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣቶች ነካ፤ ቀና አለ፤ እንደገና ጎንበስ አለ። በጀርባው ተንጋሎ እግሮቹን ወደ ላይ አነሣና ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው አሽከረከራቸው። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባዝል ሂትሊ ከ4 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው የደረሰው።

ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የአበበን ጉልበት ለማድነቅ ነው። ይገባዋልም። ነገር ግን ከአበበ ጀርባ የነበረውን ሰው ማስታወስ ያስፈልጋል። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የማራቶን ጀግና ሊፈልግ አልነበረም። የክቡር ዘበኛ ካዴቶችን ሰውነት ማጎልመሻ ሊያስተምር ነው የመጣው። ቶኪዮ ሣር ላይ የታየው ነገር የትምህርት ውጤት ነበር። ሰውነት ከሥራ በፊት እንደሚዘጋጅ፣ ከሥራም በኋላ በእርጋታ እንደሚመለስ የሚያውቅ መምህር ያስተማረው ትምህርት ነው።

ይህ ንግግር ስለዚያ ትምህርት ነው። ቦታው ግን ቶኪዮ አይደለም፤ ወልቂጤና ቡታጅራ ነው። የሚያነሣውም ስለ ኦሊምፒክ ሯጭ ሳይሆን ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሜዳ ስለሚወጣው የ14 ዓመት ልጅና ስለ እኅቱ ነው።

በጊዜ ሰሌዳው ላይ 40 ደቂቃ የተጻፈው የስፖርት ክፍለ ጊዜ በተግባር 40 ደቂቃ ሆኖ አያውቅም። ተማሪው ከሒሳብ ክፍል ወጥቶ፣ ቱታ ያለው ቱታውን አጥልቆ፣ ሸራ ጫማውን አስሮ ሜዳ እስኪደርስ ጥቂት ደቂቃ ይሄዳል። ከ50 በላይ ልጅ ባለበት ክፍል ስም መጥራቱም የራሱን ጊዜ ይበላል። ኳሷ አንድ ናት፤ ቢበዛ ሁለት። የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው። መምህሩ «ሁለት ዙር ሩጡ» ይላል፤ ፊተኞቹ ሁለቱን ዙር እንደ ውድድር ይሮጡታል፤ ኋለኞቹ በማዕዘኑ በኩል አቋርጠው ይቀላቀላሉ። ከዚያ ፊሽካ፣ ከዚያ ጨዋታ ነው። ደወሉ ሲደወል ኳሷ ገና አየር ላይ ናት። ልጆቹ ላባቸው ሳይደርቅ፣ ትንፋሻቸው ሳይረጋ ወደ ቀጣዩ ክፍል ይገባሉ።

ጊዜ ሲያጥር የሚቆረጠው ሁልጊዜ ፊቱና ኋላው ነው። መሐሉን የሚነካው የለም። መምህሩን በዚህ መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ በሰፊ ክፍልና በጠባብ ሰዓት መሐል የተያዘ ሰው ነው። ሆኖም የሚቆረጡት ደቂቃዎች ምን እንደሚሠሩ ወላጁም፣ ርእሰ መምህሩም፣ ተማሪውም ቢያውቅ ለመቁረጥ የሚደፍረው ይቀንሳል።

ሰውነት በእረፍት ላይ ሳለ ልብ ከምትረጨው ደም ወደ ጡንቻዎች የሚሄደው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ነው። የቀረው ለኩላሊት፣ ለጉበት፣ ለአንጎል፣ ለሆድ ዕቃ ይከፋፈላል። በከባድ ሩጫ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከአምስት አራቱ እጅ ወይም ከዚያ በላይ ወደ ጡንቻ ይሄዳል። ይህ የደም ሽግሽግ በቅጽበት አይሆንም፤ ሥሮች መስፋት፣ ልብ ምቷን ማፍጠን፣ ሳንባ ማገዝ አለበት። ለዚህ ነው ሳይሟሟቅ የፈተለከ ልጅ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደረቱ የሚወጠረውና እግሩ የሚከብደው። ሙቀቱም ራሱ ሥራ አለው። የጡንቻ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ባለ ቁጥር አጭርና ፈጣን እንቅስቃሴ፣ ማለትም ዝላይ ወይም የ30 ሜትር ሩጫ፣ ከ2 እስከ 5 በመቶ እንደሚሻሻል ጥናቶች ያሳያሉ። የአማርኛው ቃል ነገሩን በትክክል ይዞታል፦ ማሟሟቅ።

ቡታጅራ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ከዘቢዳር ተራራ የሚወርደውን ብርድ የሚያውቅ ሰው፣ 2 ሰዓት ላይ ሜዳ የወጣ ልጅ እጁን ከኪሱ ለማውጣት እንደሚያመነታ ያውቃል። በዚያ ሰዓት 5 ደቂቃ አይበቃም፤ 10 ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ፣ ወልቂጤ ላይ ፀሐዩ በጠነከረበት የበጋ ቀን ደግሞ 5ቱ ሊበቃ ይችላል። ሰዓቱንና አየሩን አይቶ መወሰን የመምህሩ ሙያ ነው። ላብ ብቻውን ምልክት አይሆንም። ልጁ እያወራ መሮጥ የሚችል ሆኖ ትንፋሹ ግን ትንሽ ፈጠን ሲል ያን ጊዜ ደርሷል።

እዚህ ላይ ለብዙ ዓመት የቆየ ልማድ መነካት አለበት። በብዙ ሜዳ ላይ ማሟሟቅ ማለት ክብ ሠርቶ ቆሞ፣ አንድ እግር ዘርግቶ፣ እስከ 20 ወይም 30 እየቆጠሩ ጡንቻን መሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአውስትራሊያ ጦር 1,538 ምልምሎች ላይ የተደረገ ጥናት ከልምምድ በፊት እንዲህ እየቆሙ መሳብ የእግር ጉዳትን በሚታይ መጠን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይዞ መሳብ እንዲያውም ወዲያው ለሚከተለው ዝላይና ሩጫ ጉልበት ይቀንሳል። መሳሳብ ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ መተጣጠፍን ለማዳበር ዋና መንገድ ነው። ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው፣ ሰውነቱ ከሞቀ በኋላ። መጀመሪያ ላይ የሚያስፈልገው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፦ ቀስ ያለ ሶምሶማ፣ ጉልበትን ወደ ደረት ማንሣት፣ ተረከዝን ወደ መቀመጫ መምታት፣ ወደ ጎን መንሸራተት፣ ክንድን ማሽከርከር።

እንዲህ ያለውን ማሟሟቂያ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ጉራጌ አለው። የጉራጊኛ ጭፈራን ያየ ሰው ነገሩን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ ቢሆንም ቁም ነገር ነው። ጉልበቱ ይነሣል፣ እግሩ በፍጥነት ይፈራረቃል፣ ክንዱ ከእግሩ ጋር ይሄዳል፣ ወገቡ ዝቅ ከፍ ይላል፤ በአንድ ጊዜ ትልልቆቹን ጡንቻዎች ሁሉ የሚያሠራ ነው። ምቱ ፈጣን ስለሆነ በቀጥታ መግባት አይቻልም። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ ከዚያ በእጅ ጭብጨባ ቀስ ያለ ምት፣ ከዚያ እየፈጠነ ይሄዳል። ጭብጨባውን ልጆቹ ራሳቸው ይመቱታል፤ ስፒከር አያስፈልግም። ኳስ ስትጠበቅ ጥግ ይዛ የምትቆም ልጅ እዚህ ላይ ጥግ አትይዝም። በተናጋሪው እምነት ይህ አንዱ ጥቅም ብቻውን ዘዴውን ለመሞከር በቂ ነው።

ለትምህርት ቤት ቡድን፣ ማለትም ለውድድር ለሚዘጋጁት፣ ከዚህ ጠንከር ያለ ነገር አለ። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ የሕክምና ባለሙያዎች ያዘጋጁት «ፊፋ 11+» የሚባለው ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ይፈጃል፦ 8 ደቂቃ የተለያየ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ ጥንካሬ፣ ሚዛንና ዝላይ፣ መጨረሻ ላይ 2 ደቂቃ ፈጠን ያለ ሩጫ። ከኳስ በቀር ዕቃ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ በታተመ የኖርዌይ ጥናት ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ 1,892 ልጃገረዶች በ125 ክለቦች ተከፍለው ገሚሶቹ ይህን ሲሠሩ፣ ገሚሶቹ እንደወትሮው ቀጠሉ። በሠሩት ላይ የደረሰው አጠቃላይ ጉዳት በሲሶ ገደማ ያነሰ ነበር። ከባዱ ጉዳት ደግሞ የበለጠ ቀንሷል። የወልቂጤ ልጆች ማሟሟቅ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። በ2012 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ መጫወት የጀመረው ወልቂጤ ከተማ፣ ደጋፊዎቹ «ሠራተኞቹ» የሚሉት ቡድን፣ ከጨዋታ በፊት ሜዳ ገብቶ ሲሟሟቅ አይተዋል። በትልልቆቹ ዘንድ ግዴታ የሆነ ነገር በሚያድግ አጥንት ላይ ሲሆን ለምን ይቀራል?

ማሟሟቅ የሚጠቅመው ሌላ ልጅም አለ፤ በደረቅና ቀዝቃዛ አየር ሲሮጥ ደረቱ የሚያፏጭበት። አስም ያለበት ልጅ በድንገት ከሮጠ የአየር ቧንቧው ሊጠብ ይችላል፤ ቀስ በቀስ የሚያድግ ማሟሟቅ ግን ይህን በብዙዎች ላይ ያለዝበዋል። ቡታጅራ በዚህ ጉዳይ ለዓለም እውቀት ያበረከተች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከ1,000 በላይ ሕፃናት ገና በእናታቸው ማሕፀን ሳሉ ተመዝግበው፣ አስምና አለርጂ እንዴት እንደሚነሣ ለማወቅ ለዓመታት ክትትል የተደረገባቸው እዚህ ነው።

አሁን ወደ ፊሽካው ማዶ እንሻገር። ስለ ማቀዝቀዝ ብዙ የሚነገረው ነገር «ላክቲክ አሲድን ያስወጣል፣ በማግስቱ እግር አያምም» የሚል ነው። ይህ እንደተነገረው አይደለም። ላክቲክ አሲድ የሚባለው ነገር ልጁ ቁጭ ቢልም በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጸዳል። በማግስቱና በሠልስቱ የሚሰማው ሕመም የሚመጣው ደግሞ ያልለመደ ሥራ የሠራ ጡንቻ ውስጥ ከሚደርስ ጥቃቅን መጎዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሰፊ የጥናት ግምገማ ቀስ ብሎ እየሮጡ መቀዝቀዝ የማግስቱን ሕመም እምብዛም እንደማይቀንስ ደምድሟል። ተማሪ የማይሆን ነገር ተስፋ ተሰጥቶት፣ በማግስቱ ደረጃ ሲወርድ እግሩ ከተንቀጠቀጠ ሁለተኛ አያምንም።

ታዲያ ማቀዝቀዝ ለምን? በሩጫ ጊዜ የእግር ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ደሙን ወደ ላይ፣ ወደ ልብ ይገፋል። ልጁ መስመሩን አልፎ በድንገት ቀጥ ሲል ያ ግፊት ይቋረጣል፤ ሥሮቹ ግን ገና እንደሰፉ ናቸው። ደሙ እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ወደ አንጎል የሚወጣው ያንሳል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ጉልበት ይከዳል። በየትምህርት ቤቱ የስፖርት ቀን ከ800 ሜትር ሩጫ በኋላ ልጅ ወድቆ ሰው ውኃ ይዞ ሲሯሯጥ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው። መድኃኒቱ 3 ደቂቃ እርምጃ ነው። ልጁን ደግፎ ማራመድ ነው እንጂ ከቦ መቆም አይደለም። ቀድሞ የወደቀ ከሆነ ደግሞ አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ። አበበ ተንጋሎ እግሮቹን ሽቅብ ሲያሽከረክር ደሙ ወደ ልቡ የሚመለስበትን መንገድ ያቀልለት ነበር።

እነዚያ ደቂቃዎች ሌላም ነገር ይሰጣሉ። ከሜዳ ወደ ክፍል የሚመለስ ልጅ ትንፋሹ ረግቶ ቢገባ ቀጣዩ መምህር ያመሰግናል። መሳሳቡም የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። ደግሞም የልብ ምት የሚቆጠርበት ጥሩ ሰዓት ነው። ሁለት ጣት ከአንገት ጎን፣ ከጉሮሮው አጥንት አጠገብ ማስቀመጥ፣ 15 ሰከንድ መቁጠር፣ በ4 ማባዛት። አውራ ጣት አይሆንም፤ የራሱ ምት አለውና ያሳስታል። ሩጫው ልክ እንዳበቃ አንዴ፣ ከ1 ደቂቃ በኋላ አንዴ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልብ ምን ያህል ቶሎ እንደምትረጋ ይናገራል፤ በሳምንታት ልምምድ ደግሞ ይሰፋል። ርካሽ ሰዓት ብቻ የሚበቃው የብቃት መለኪያ ይህ ነው።

መለካት ላይ ደረስን፤ ዋናው ጉዳይም እዚህ ነው።

በዓለም ላይ በጣም የታወቀው የሩጫ ፈተና የኩፐር ፈተና ነው። ኬኔት ኩፐር የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት ሰው በ12 ደቂቃ የሚሮጠው ርቀት ሰውነቱ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙን በጥሩ ሁኔታ እንደሚያመለክት አሳየ። ፈተናው ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ በየአገሩ ተዛመተ። ከፈተናው ጋር የተዛመተው ግን «ከዚህ በላይ የሮጠ በጣም ጥሩ፣ ከዚህ በታች የሮጠ ደካማ» የሚል ሰንጠረዥ ነው። የኩፐር ጥናት የተመሠረተው በ115 የአሜሪካ አየር ኃይል ወንዶች ላይ ነበር። ቡታጅራ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም ያንሳል። በአንጻሩ ልጁ ተወልዶ ያደገው በዚያው አየር ውስጥ ነው። ምናልባትም ጠዋትና ማታ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል፤ ወይም እኅቱ እንሰት ስትፍቅ ኖራ ክንዷና ጀርባዋ ከብዙ ወንድ ልጅ ይጠነክራል። ይህን ሁሉ የአየር ኃይሉ ሰንጠረዥ አያውቅም። የ14 ዓመት ልጅን በዚያ ሰንጠረዥ «ደካማ» ብሎ መመዝገብ ስህተት ነው፤ ፍርድም ያጓድላል።

ከሰንጠረዡ ይልቅ የሚያስፈልገው ልጁን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። የሚገርመው፣ ይህን በኢትዮጵያ ውስጥ ቀድመው ካስተማሩት ቦታዎች አንዷ ቡታጅራ ራሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቡታጅራና በአካባቢዋ በ10 ቀበሌዎች የቤት ለቤት ቆጠራ አደረገ። ከዚያ የተለየው ነገር ቆጠራው አንዴ ተደርጎ አለመቆሙ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ወደዚያው ቤት ተመለሱ፤ እንደገናም ተመለሱ። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከቤቱ ሄደ እያሉ ለዓመታት መዘገቡ። አንድ ጊዜ የተወሰደ ቁጥር ፎቶ ነው፤ የተደጋገመ ቁጥር ግን ለውጥን ያሳያል። የብዙ የሕክምና ተመራማሪዎች የዶክትሬት ሥራ የተገነባው በዚያ ትዕግሥት ላይ ነው። በ10 ቀበሌ ይህን የቻለች አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ አያቅታትም።

እንዴት? አንድ ሜዳ ይታሰብ። የመሮጫ ትራክ የለውም፤ ሁለት ግብና ሣር ብቻ ነው ያለው። መምህሩ በ20 ሜትር ላይ ቋጠሮ ያለበት ሲባጎ ይዞ ዳር ዳሩን ይለካል፤ ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 45 ሜትር ሆነ እንበል። ዙሩ 270 ሜትር ነው። በየ45 ሜትሩ በኖራ ወይም በአመድ ምልክት ይደረጋል። በአራቱ ማዕዘን አራት ትልልቅ ድንጋይ ይቀመጣል፤ ሯጩ ከድንጋዩ ውጭ ካልዞረ ዙሩ አይቆጠርለትም። ያለ ድንጋይ ማዕዘኑ ቀስ በቀስ ይጠብና 270 የተባለው 240 ይሆናል፤ ብዙ ልኬት የሚበላሸው በዚህ ነው። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ይሆናሉ፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ዙር ይቆጥራል፣ በሚቀጥለው ቀን ይለዋወጣሉ። 12 ደቂቃው ሲያልቅ ፊሽካ ይነፋል፤ ቆጣሪው ሯጩ የደረሰበትን ምልክት ያያል። 7 ዙርና 2 ምልክት፤ 1,980 ሜትር። ደብተሩ ላይ ይጻፋል። ሯጩ አይቆምም፤ እየተራመደ ምቱን ይቆጥራል። በግንቦት ያው ልጅ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት 8 ዙር ቢሮጥ 2,160 ሜትር ነው። 180 ሜትር አደገ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለማንበብ የማንም አገር ሰንጠረዥ አያስፈልግም።

ሜዳው ለ12 ደቂቃ ሩጫ ለማይመች ትምህርት ቤት የሞንትሪያሉ ተመራማሪ ሉክ ሌዤ እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረበው የ20 ሜትር ምልልስ አለ። በሁለት መስመር መካከል በድምፅ ምልክት እየተመሩ መመላለስ ነው። አሁን በተለመደው አሠራሩ ፍጥነቱ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየደቂቃው በ0.5 ያድጋል። መጀመሪያ ላይ 20 ሜትሩን በ8 ሰከንድ ተኩል ገደማ መድረስ ይበቃል፤ ሲቆይ ግን ይከብዳል። ድምፁን ስልክና ስፒከር ያሰማሉ። የዚህ ፈተና ጥቅሙ ደካማው ልጅ ቀድሞ መውጣቱ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው፤ ሁሉም እያየው ይወጣልና። ስለዚህ በትንንሽ ቡድን ቢደረግ ይሻላል።

ለመተጣጠፍ ተቀምጦ እግርን ዘርግቶ ወደ ፊት መድረስ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው ይህ ዘዴ የሚጠይቀው አናጢ የሚሠራው ሣጥንና አንድ ማስመሪያ ነው። ለጡንቻ ብርታት ፑሽ አፕና ሲት አፕ በ1 ደቂቃ ይቆጠራሉ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ልጁ መሟሟቅ አለበት፤ በጥቅምት ሳይሟሟቅ ተፈትኖ በግንቦት ተሟሙቆ ከተፈተነ የተገኘው እድገት የልምምድ ይሁን የሙቀት አይታወቅም። ማሟሟቅ የልኬቱ አካል የሚሆነው በዚህ ነው።

ክብደትና ቁመት መመዘንም ከፈተናዎቹ ጋር ይመጣል። ይህ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በክፍል ፊት ሚዛን ላይ ወጥታ ቁጥሯ ጮክ ተብሎ የተነበበባት ልጅ ያን ቀን በሕይወቷ አትረሳውም። ሚዛኑ ከመጋረጃ ጀርባ ይሁን፤ ቁጥሩ ለእሷ ብቻ ይነገር።

የሚለካበት ቀን ምርጫም እንደ ሜዳው አለካክ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትምህርት በመስከረም ይከፈታል፤ በጉራጌ ደግሞ መስከረም የመስቀል ወር ነው። ከየከተማው ዘመድ ይገባል፣ ክትፎው ይቀርባል፣ ልጆቹም ከክረምቱ ዕረፍት ገና መመለሳቸው ነው። በዚያ ሳምንት የተወሰደ ልኬት ስለ በዓሉ እንጂ ስለ ልጁ አይናገርም። ጥቅምት አጋማሽ ይሻላል። አካባቢው የሙስሊምም የክርስቲያንም ስለሆነ ጾሙም ይታሰብ። በ2018 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። ውኃ እንኳ ሳይቀምስ የዋለን ልጅ 12 ደቂቃ አሩጦ መመዝገብ አደጋም ነው፣ ሐሰተኛ ልኬትም ነው። ሁለተኛውን ልኬት ለግንቦት ማድረግ ይህን ሁሉ ያልፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከፈተናው በፊት የግድ መጠየቅ አለበት። በጅማ፣ ወልቂጤን አቋርጦ በሚሄደው መንገድ ጫፍ፣ ምንም ምልክት የሌላቸው ተማሪዎች ልብ በአልትራሳውንድ ሲመረመር ከ1,000ው ወደ 30 በሚጠጉት ላይ የሩማቲክ የልብ ሕመም ምልክት መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ይህ በሽታ በልጅነት ከሚደጋገም የጉሮሮ ሕመም የሚነሣና የልብን በር የሚያበላሽ ነው። ስለዚህ ከሩጫው በፊት አራት ጥያቄ፦ ስትሮጥ ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ደረትህን ያምሃል? ጓደኞችህ ሳይደክሙ አንተ ትንፋሽ ያጥርሃል? መገጣጠሚያህ አብጦ ታሞ ያውቃል? አንዱን «አዎ» ያለ ልጅ አይሮጥም፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ወላጅም ይህን ሲሰማ ልጄን ከስፖርት ከለከሉብኝ ማለት የለበትም።

ልጃገረዶቹ በዚህ ንግግር መሐል ብዙ ጊዜ ተነሥተዋል፤ ምክንያት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። ከ146 አገሮች በተሰበሰበና እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ መረጃ ይህን የማያሟሉት ከ11 እስከ 17 ዓመት ያሉ ተማሪዎች 81 በመቶ ነበሩ፤ ከልጃገረዶች 85፣ ከወንዶች 78። ልጃገረድ ከሜዳ የምትቀረው አቅም ስለሌላት አይደለም። ልብስ፣ የወር አበባ፣ የሚያዩዋት ዓይኖች፣ ኳሷን የማይሰጧት ወንዶች አሉ። ረጅም ሱሪና ሒጃብ ለብሳ 12 ደቂቃ መሮጥ ይቻላል፤ «በሚቀጥለው ሳምንት እለካለሁ» የማለት መብትም ያለ ማብራሪያ ሊሰጣት ይገባል። ከራሷ ጋር ስትወዳደር ደግሞ ከክፍሉ ፈጣን ልጅ ጋር መለካካቱ ይቀርላታል።

የሚቀረው ደብተሩ ነው። ባለ 50 ቅጠል ደብተር ለአንድ ክፍል ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት ሁለት መስመር፣ የጥቅምትና የግንቦት። አስቸጋሪው ነገር መምህሩ ሲዛወር ደብተሩ ከመሳቢያው ጋር መጥፋቱ ነው፤ 8ኛ ክፍል ጨርሶ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚያልፈው ልጅ ደግሞ ገጹን ጥሎ ይሄዳል። የሬከርድ ክፍሎች የልጁን የሒሳብና የአማርኛ ውጤት እንደሚያስተላልፉት ሁሉ ያቺን አንድ ገጽም ከማኅደሩ ጋር ቢያስተላልፉ፣ 12ኛ ክፍል የሚደርስ ተማሪ የሮጣቸውን ሜትሮችና የልቡን ምት የያዘ የብዙ ዓመት መዝገብ በእጁ ይዞ ይወጣል። ጉብርዬ ላይ ያለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ እነዚህ ገጾች ስም ተነሥቶላቸው ቢሰባሰቡ፣ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያደገ የጉራጌ ልጅ በ14 ዓመቱ በ12 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚሮጥ የሚናገር የራሳችን ሰንጠረዥ ይወጣቸዋል። እስከዚያው ድረስ የመጪው ጥቅምት ገጽ ባዶ ነው፤ ሲባጎውም ገና አልተቋጠረም።